ሚዛኑ የተጓደለ ጥይት፦ ስለ አጭር ሽጉጥ፣ ስለ ባሩድና በእጅ ስለሚሞላ ቀለሃ

(በአዲ አርቃይ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ነው። በቃል የተነገረው ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



 ዛሬ የማነሣው ጉዳይ የፊዚክስ ትምህርት ቢሆንም የተማርኩት መጀመሪያ ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአጎቴ እጅ ነው። ልጅ ሳለሁ በጥር ወር አንድ የዘመድ ሠርግ ነበር። አጎቴ ከአባታቸው የወረሱት አንድ አጭር ባለ ተሽከርካሪ ሽጉጥ ነበራቸው፤ በርሜሉ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይረዝም፣ ቀዳዳው ግን አውራ ጣት የሚያስገባ የሚመስል። ለዚያ ሽጉጥ የሚሆን ጥይት ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት ስለ ነበር፣ ባዶ ቀለሃዎቹን አንድ እጀ ብልሃተኛ ሰው ይሞላላቸው ነበር። ሙሽራው ሲገባ አጎቴ ወደ ሰማይ ሁለት ጊዜ ተኮሱ። በመጀመሪያው ተኩስ የተሰማው ድምፅ ከእልልታው በታች ነበር። በሁለተኛው ግን በርሜሉ ተሰነጠቀ፣ አጎቴም ሁለት ጣቶቻቸውን አጡ።

በማግሥቱ የመንደሩ ፍርድ አንድ ነበር፤ «ባሩድ አብዝቶበት ነው» ተባለ። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አምን ነበር። ስህተት መሆኑን የተረዳሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። እንዴት ስህተት እንደ ሆነ በንግግሬ መጨረሻ እመለስበታለሁ፤ ወደዚያ ለመድረስ ግን ጥይት ምን እንደሆነና አጭር ሽጉጥ ከረጅም ጠመንጃ በምን እንደሚለይ በቅድሚያ ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ጥይት አራት ክፍሎች

በተለምዶ ጥይት የምንለው ነገር በውስጡ አራት ነገሮችን ይዟል። የመጀመሪያው ቀለሃው ነው፤ ከነሐስ የሚሠራው ቅርፊት። ሁለተኛው በቀለሃው ቂጥ ላይ የሚቀመጠው፣ ሲመታ እሳት የሚሰጠው መለኮሻ ነው። ሦስተኛው ባሩዱ፣ አራተኛው ደግሞ ከፊት የሚሰካው አረር ነው። ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደው አረሩ ብቻ ነው። መለኮሻው ይቃጠላል፣ ባሩዱ ወደ ጋዝነት ይለወጣል፣ ቀለሃው ግን ሥራውን ጨርሶ ባዶውን ይቀራል። በእጅ የመሙላት ሐሳብ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው፤ ውዱ ነሐስ ሳይጠፋ የቀሩትን ሦስቱን መተካት።

የአረሩ ጉልበት ከምን እንደሚመጣ የሚያሳይ የጎንደር ታሪክ አለን። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደር ቤተ መንግሥት በነበረበት ጊዜ፣ ከራስ ሚካኤል ስሁል ዘመዶች አንዱ በተኳሽነቱ ሲመካበት፣ ብሩስ በጠመንጃው አፍ የሞራ ሻማ ቁራጭ ጎርሶ ሦስት ጋሻ ደራርቦ እንደ በሳ በመጽሐፉ ጽፏል። ሻማ ለስላሳ ነው፤ በጣት ተጭነን እናደቀዋለን። ጋሻ የሚበሳው የጥንካሬው ነገር ሳይሆን የፍጥነቱ ነገር ነው። የተንቀሳቃሽ ነገር ጉልበት ከክብደቱ ጋር በቀጥታ፣ ከፍጥነቱ ጋር ግን በካሬው ያድጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህንን ሕግ ልብ በሉልኝ፤ ወደ ፊት የሚሄደውን አረር ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላ የሚመጣውን ሽጉጥም የሚገዛው እርሱ ነው።

ስለ እርግጫ

አባቶቻችን «ይህ ጠመንጃ ይራገጣል» ይላሉ። አባባሉ ትክክል ነው። አረሩ ወደ ፊት በተገፋ ቁጥር መሣሪያው በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋል። የአረሩ ክብደት በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው መጠን፣ የመሣሪያው ክብደት በኋልዮሽ ፍጥነቱ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው።

በምሳሌ እንየው። በአገራችን ውጅግራ እየተባለ የሚታወቀው፣ ስሙም ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣው የ1874 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ 4.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አረሩ 25 ግራም ሲሆን በሰከንድ ወደ 450 ሜትር ይጓዛል። ስሌቱ ሲሠራ ጠመንጃው በሰከንድ 2.7 ሜትር ፍጥነት ወደ ትከሻ ይመጣል፤ የእርግጫው ጉልበት ወደ 15 ጁል ይሆናል። ትከሻ ይህን ይችላል። አሁን ያንኑ ጥይት አንድ ኪሎ በሚመዝን ሽጉጥ ውስጥ ብንተኩሰው ኖሮ፣ ሽጉጡ በሰከንድ ከ11 ሜትር በላይ እየፈጠነ ወደ እጅ ይመጣ ነበር፤ ጉልበቱም ወደ 63 ጁል ይደርስ ነበር። ከባሩዱ የሚወጣው ጋዝ የራሱ ግፊት ስላለው እውነተኛው መጠን ከዚህም ይበልጣል። ይህን የሚችል የእጅ አንጓ የለም።

ስለዚህ የሽጉጥ ሠሪዎች የአረሩንም የባሩዱንም መጠን ቀነሱ። በአድዋ ዘመን የጣሊያን ጦር መደበኛ ሽጉጥ የነበረው የ1889 እ.ኤ.አ. ቦዴዮ፣ 10.4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውንና 11 ግራም ተኩል ገደማ የሚመዝነውን አረር በሰከንድ ወደ 255 ሜትር ብቻ ይልካል። ሽጉጡ ወደ 950 ግራም ስለሚመዝን እርግጫው 4.5 ጁል ገደማ ነው። ይህ ሊያዝ የሚችል ነው። ነገር ግን ጥይቱን ሳንለውጥ የሽጉጡን ክብደት በግማሽ ብንቀንሰው የእርግጫው ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ለኪስ እንዲመች ተብሎ የሚቀነሰው እያንዳንዱ ግራም ብረት ዕዳው በእጅ ላይ ይከፈላል።

የአጎቴ ሽጉጥ የዚህ ዓይነቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 በእንግሊዝ አገር የዌብሊ ኩባንያ «ቡልዶግ» የተባለ፣ በርሜሉ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ፣ ቀዳዳው ሰፊ፣ አምስት ጥይት የሚጎርስ የኪስ ሽጉጥ አወጣ። የቤልጅግ ሠሪዎች በተለይም የሊዬዥ ከተማ ባለሙያዎች ዓይነቱን እየቀዱ በዓለም ዙሪያ ሸጡት። «ሽጉጥ» የሚለው የእኛው ቃል ራሱ ከ«ሸጎጠ» የወጣ ነው፤ ትንሽነቱና መደበቁ ማንነቱ ሆነ።

አጭር፣ ቀላልና ሰፊ አፍ፤ ሦስቱ ሲገናኙ

የዚህ ዓይነት ሽጉጥ ሦስት ጠባያት አሉት፤ ሦስቱም ጥይት ለሚሞላው ሰው የስህተት ቦታ ያጠቡበታል።

አንደኛው የበርሜሉ ማጠር ነው። ባሩድ በአንድ ቅጽበት አይነድም፤ አረሩ በበርሜሉ ውስጥ እየሄደ ከኋላው ይነዳል። በውጅግራ 82 ሴንቲ ሜትር በርሜል ውስጥ ባሩዱ ሥራውን ለመጨረስ በቂ መንገድ አለው። በስድስት ሴንቲ ሜትር ግን አረሩ ባሩዱ ገና እየነደደ ሳለ ይወጣል፤ የቀረው ከአፈሙዝ ውጭ እንደ ነበልባልና እንደ ነጎድጓድ ይታያል። ብዙ ሰው ያንን ነበልባል አይቶ «ኃይለኛ ነው» ይላል። እውነቱ ተቃራኒ ነው፤ ነበልባሉ የባከነ ኃይል ነው። በአጭር በርሜል ባሩድ መጨመር ፍጥነትን በጥቂቱ፣ ብልጭታን፣ ድምፅንና እርግጫን ግን በብዙ ይጨምራል።

ሁለተኛው የቀዳዳው ስፋት ነው። በትንሽ ተሽከርካሪ ክፍል ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ሰፊ ጉድጓዶች ሲቆፈሩ በመካከላቸው የሚቀረው የብረት ግድግዳ ይሳሳል። የጋዙን ግፊት የሚሸከመው ይህ ስስ ግድግዳ ነው። በተጨማሪም በተሽከርካሪውና በበርሜሉ መካከል የግድ ትንሽ ክፍተት አለ፤ ከዚያ ክፍተት የጋለ ጋዝና የእርሳስ ፍንጣሪ ወደ ግራና ቀኝ ይረጫል። በሠርግ ቤት ከተኳሹ ጎን ተጠግቶ መቆም የማይገባው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቅለቱ ነው። ቀላል ሽጉጥ ሲራገጥ በድንገት ወደ ኋላ ይወረወራል። በተሽከርካሪው ውስጥ ተራቸውን የሚጠብቁት ጥይቶች ቀለሃቸው ከሽጉጡ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ከባዱ አረር ግን ባለበት ለመቆየት ይሻል። የቀለሃው ከንፈር አረሩን አጥብቆ ካልነከሰው አረሩ በየተኩሱ ጥቂት በጥቂት ወደ ፊት ይወጣል። በመጨረሻም ከጉድጓዱ አፍ አልፎ ብቅ ይልና ተሽከርካሪው እንዳይዞር ይቆልፈዋል። ራሱን ለመጠበቅ ሽጉጥ የያዘ ሰው በሚያስፈልገው ሰዓት የሞተ ብረት ይዞ ይቀራል። ይህ ችግር በከባድ ሽጉጥ እምብዛም አይታይም፤ በቀላሉ ግን የዘወትር ነው።

የአባቶች ጥበብ ለምን ሠራ?

እዚህ ላይ አንድ አባት «እኛ ቀለሃ ሞልተን ጠላት መልሰንበት የለምን?» ብለው ሊጠይቁኝ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ ምድር ከነፍጥ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ከስሜን ተራሮች ማዶ ደረስጌ ላይ በየካቲት 1847 ዓ.ም ደጃዝማች ካሣ ነፍጥ በማከማቸት የታወቁትን ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እኚሁ ንጉሠ ነገሥት በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖልን አሠሩ። ሆኖም በ1860 ዓ.ም እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲመጡ፣ ከትላልቆቹ መድፎች አንዱ አጎራረሱ ተሳስቶ ገና በመጀመሪያው ተኩስ እንደ ፈነዳ በስፍራው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። የእንግሊዝ ወታደር ደግሞ ከኋላው የሚጎርሰውን፣ በእኛ ዘንድ ሰናድር የተባለውን ስናይደር ይዞ ነበር። በዚያ ቀን የተበላለጠው ጀግንነት አልነበረም፤ ፋብሪካ መዝኖ የሞላው ጥይት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥይት በአገራችን እንደ ገንዘብ የሚመነዘርበት ዘመን መጣ፤ ባዶ ቀለሃም አይጣልም ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች ከጠላት የማረኩትን ይተኩሱ ነበር፤ ሲያልቅባቸውም ቀለሃ ይሞሉ ነበር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም የደጃዝማች አያሌው ብሩና የራስ እምሩ ሠራዊት ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና ታንክ ሲማርክም፣ በመስከረም 1934 ዓ.ም ከዚህ በላይ በሊማሊሞ አናት የውልክፊት ምሽግ እጁን ሲሰጥም፣ በኢትዮጵያዊው እጅ የነበረው መሣሪያ የብዙ አገርና የብዙ ዘመን ድብልቅ ነበር።

ታዲያ ለምን ሠራላቸው? መልሱ በሦስቱ ጠባያት ግልባጭ ውስጥ ነው። የሚሞሉት የጠመንጃ ጥይት ነበር። ጠመንጃው ከባድ ነው፤ በርሜሉ ረጅም ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ነው። የሚጠቀሙበትም ጥቁር ባሩድ ቀለሃውን ሞልቶ ስለሚይዝ፣ በስህተት እጥፍ ልጨምር ቢሉ እንኳ ቦታ አይተርፍም። መሣሪያው ራሱ የሠሪውን ስህተት ይቅር ይል ነበር። ስህተቱ የመጣው ያንኑ ልማድ ወደ አጭር ሽጉጥ ስናሻግረው ነው። በተለይም ጭስ አልባው ዘመናዊ ባሩድ መልኩ ቢመሳሰልም ጠባዩ ፍጹም ሌላ ነው። በጥቂት መጠን እጅግ ከፍ ያለ ግፊት ይፈጥራል፤ ቀለሃውን ስለማይሞላ እጥፉ ቢገባ አይታወቅም፤ ጨርሶ ባይገባም አይታወቅም። ለጥቁር ባሩድ የተሠራን አሮጌ ሽጉጥ በዚህ ባሩድ መሙላት፣ ለበቅሎ የተሰፋ ኮርቻ ላይ የመኪና ጭነት እንደ መጫን ነው።

የሌላው ዓለም ልምድ

ቀለሃ በእጅ መሙላት በሕግ በተፈቀደባቸው አገሮች፣ በተለይ በአሜሪካ፣ የታወቀ ሙያ ነው። በዚያም ትምህርቱ በደም የተገኘ ነው። ኤልመር ኪት የተባለው ዕውቅ የሽጉጥ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1925 የነጻነት በዓላቸው ቀን፣ እንደ እኛው ሰው ለደስታ ሲተኩስ፣ ራሱ አብዝቶ በሞላው ጥይት የ45 ኮልት ሽጉጡ ተሽከርካሪ ፈነዳበት። እርሱ ከጉዳት ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀዳዳው ጥቂት ወደ ጠበበው፣ ስለዚህም የተሽከርካሪው ግድግዳ ወደ ወፈረው ወደ 44 ፊቱን አዞረ። የብዙ ዓመት ጥረቱም እ.ኤ.አ. በ1955 ለወጣው 44 ማግነም መነሻ ሆነ። አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ የብረት ውፍረት የሰውየውን የሕይወት ሥራ አቅጣጫ ለወጠው።

ዛሬ በዚያ አገር ይህንኑ 44 ማግነም የሚጎርሱ፣ ከስካንዲየም ቅይጥና ከቲታኒየም የተሠሩ፣ ከ750 ግራም በታች የሚመዝኑ ሽጉጦች አሉ። ለእነዚህ ጥይት የሚያዘጋጅ ሰው በልማድ አይሠራም። በቤተ ሙከራ ተፈትኖ ከታተመ ሠንጠረዥ አይወጣም፤ ከዝቅተኛው መጠን ይጀምራል፤ እያንዳንዱን ሙሌት በሚዛን ይመዝናል፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይለውጥም፤ የአረሩን ፍጥነት በመሣሪያ ይለካል። ጥቂት ከተኮሰ በኋላ ያልተተኮሱትን አውጥቶ አረራቸው መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን በመለኪያ ያያል። ብዙዎቹም በመጨረሻ የሚደርሱበት ውሳኔ ከፍተኛውን ኃይል መተው ነው፤ እጅ ሊቆጣጠረው የሚችል መካከለኛ ጥይት፣ ዒላማውን ከሚስት ኃይለኛ ጥይት ይሻላልና። እንግዲህ ሠንጠረዡ፣ ሚዛኑ፣ መለኪያውና ፈቃዱ ያለው ሰው እንዲህ ከተጠነቀቀ፣ ማንኪያና ግምት ብቻ ያለው ሰው ምን ሊሆን ነው?

ወደ አጎቴ እጅ ስንመለስ

አሁን የመንደሩን ፍርድ እንመርምር። ባሩድ በዝቶ ቢሆን ኖሮ የሚፈነዳው ግፊቱ ከሁሉ በላይ የሚበረታበት ተሽከርካሪው ነበር፤ እንደ ኪት ማለት ነው። የአጎቴ ሽጉጥ ግን ተሽከርካሪው ደኅና ሆኖ በርሜሉ ነበር የተሰነጠቀው። ይህ ምልክት የሚነግረን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ጥይት ውስጥ የነበረው ባሩድ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ወይም እርጥበት አግኝቶት ነበር። መለኮሻው አረሩን ከቀለሃው አውጥቶ በርሜሉ ውስጥ አስገባው፤ አሻግሮ ለመጣል ግን አቅም አጣ። አረሩ መንገድ ላይ ቆመ። ድምፁ ዝቅ ያለው ለዚህ ነበር፤ እልልታው ሸፈነው እንጂ ጸጥታ ቢሆን ኖሮ ይታወቅ ነበር። አጎቴ ምላጩን ደገሙት። ሁለተኛው አረር ከተወተፈው በርሜል ጋር ተጋጨ።

ስለዚህ ጣቶቻቸውን ያሳጣቸው የበዛ ባሩድ አልነበረም፤ ያነሰ ባሩድ ነበር። ሰው ሁሉ ብዛትን ይፈራል፤ «ለጥንቃቄ ትንሽ ላድርገው» የሚል ሰው ራሱን ብልህ አድርጎ ይቆጥራል። ጥይት ግን ሚዛን ነው፤ ከሁለቱም ወገን ይወድቃል። ሞልቶ የሰጣቸውን ሰው ለመውቀስ ይህን አልናገርም፤ ደግ ሰው ነበር፣ በቅን ልብ ነው የሠራው። ቅንነት ግን ግራም አይመዝንም።

ይህን ዛሬ፣ በዚህች ከተማ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። አዲ አርቃይ በ2013 ዓ.ም ክረምት የጦር ግንባር ነበረች። በየማሳውና በየገደሉ ቀለሃ ወድቆ ቀርቷል፤ ልጆች ይለቅሙታል። ባዶው ቀለሃ ለራሱ አይጎዳም፤ ከእርሱ ጎን ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ግን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ሳይነካ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ ያሳውቅ። ቀለሃ ለመሙላት የሚያስብም ካለ፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መሥራትን እንደሚከለክል ይወቅ። ከሕጉ በፊትም የፊዚክስ ሕግ አለ፤ እርሱ ይግባኝ አይቀበልም።

ከአባት የተወረሰ ሽጉጥ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቅርስ ነውና አክብሩት፤ ሕጋዊ ፈቃዱን አሟሉለት፤ ባዶውን፣ ተወልውሎ ይቀመጥ። ማንም ሰው በእጁ ካለው መሣሪያ ያልተለመደ ዝቅተኛ ድምፅ ከሰማ ደግሞ ያቁም፤ አፈሙዙን ከሰው አርቆ፣ ጥይቱን ሁሉ አውጥቶ፣ በርሜሉ ክፍት መሆኑ በሚያውቅ ሰው ሳይረጋገጥ ምላጩን ዳግመኛ አይንካ። አጎቴ ይህችን አንዲት ነገር የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ የሙሽራውን እጅ በዐሥር ጣታቸው ይጨብጡ ነበር።

ሠርጋችንን በእልልታ እናድምቀው፤ እልልታ አይፈነዳም።